በውሰት የሄደ አብራሪ የማን ወታደር ነው?

አንድ አየር ኃይል የራሱን አብራሪ ለተወሰኑ ዓመታት ለወዳጅ አገር አየር ኃይል ያውሳል፤ በምላሹም ከዚያ አንድ ይቀበላል። የልውውጥ አብራሪ የሚባለው ይህ ነው። ማዕረጉና ዜግነቱ የአገሩ ናቸው፤ አውሮፕላኑና የዕለት ግዳጁ ግን የሰው አገር። በሰላም ጊዜ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አይገኝም። ችግሩ የሚመጣው ተቀባዩ አገር ጦርነት ሲገባ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኮሪያን ጦርነት እናንሳ። ካናዳ እግረኛ ጦር፣ መርከቦችና የማመላለሻ አውሮፕላኖች ላከች። የተዋጊ ጄት ስኳድሮኖቿን ግን ለኔቶ ግዴታዋ ወደ አውሮፓ ስለመደበች ወደ ኮሪያ አላከችም። ያም ሆኖ 22 ካናዳውያን በልውውጥ ከአሜሪካ አየር ኃይል ጋር ኤፍ-86 ሴበር እያበረሩ ተዋጉ። ከእነሱ አንዱ ኦሜር ሌቬክ ማርች 31 ቀን 1951 ሚግ-15 በመጣል የመጀመሪያው ካናዳዊ ሆነ። ካናዳ ሴበርን በፈቃድ ሞንትሪያል ውስጥ ራሷ ትሠራ ስለነበር፣ አብራሪዎቿ ይዘውት የተመለሱት የውጊያ ልምድ በገንዘብ የሚገዛ አልነበረም።

የዚህን ልምድ ዋጋ የከፈለው ደግሞ አንድሪው ማኬንዚ ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና የነበረው ይህ መኮንን ዲሴምበር 5 ቀን 1952 በስህተት በአሜሪካዊ ሴበር ተመትቶ ወደቀና ተማረከ። የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ጁላይ 1953 ቢፈረምም እሱ አልተፈታም። ከቻይና እስር የወጣው ልክ በሁለት ዓመቱ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1954 ነው። እስቲ አስቡት፤ ካናዳዊ መኮንን፣ በአሜሪካ አውሮፕላን ሄዶ፣ በቻይና እስር ቤት። አገሩ ከፔኪንግ ጋር የዲፕሎማሲ ግንኙነት እንኳ አልነበራትም።

በዚያው ጦርነት የኛ ቃኘው ሻለቃ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ቢሰለፍም፣ የዘመተው በራሱ ሰንደቅ ዓላማና በራሱ አዛዦች ነበር። መዝመቱ ተገቢ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ማን እንደላከውና ማን እንደሚጠየቅበት ግን አያከራክርም። ለልውውጥ አብራሪ የሚጎድለው ይኸው ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ የሚመስለው ካለ ብሪታንያን ይመልከት። ፓርላማው ሴፕቴምበር 2014 በአይሲስ ላይ የአየር ድብደባ የፈቀደው ኢራቅ ውስጥ ብቻ ነበር። ጁላይ 2015 ግን ከወዳጅ አገሮች ጦር ጋር የተመደቡ የብሪታንያ አብራሪዎች ሶሪያ ውስጥ ድብደባ መፈጸማቸው ይፋ ሆነ። መንግሥት የሰጠው መልስ “በሌላ አገር ዕዝ ሥር ናቸው” የሚል ነበር። ፓርላማው ለሶሪያ የፈቀደው ከወራት በኋላ፣ በዲሴምበር 2015 ነው።

ይህ መልስ ለእኔ አይዋጥልኝም። አብራሪው ቢማረክ ወይም ቢሞት፣ ቤተሰቡ የሚያንኳኳው የራሱን መንግሥት በር ነው። ሲያጠቃ የሌላ አገር፣ ሲወድቅ የኛ ሊሆን አይችልም።

“ጦርነት ሲመጣ አብራሪህን ብትጠራው ወዳጅህ ዳግም አያምንህም” የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው፤ በዝግጅት መሃል አንድ ሰው ሲጎድል ስኳድሮኑ ይናጋል። ለዚህ ነው ድንበሩ ጦርነት ሳይመጣ፣ ሰውየው ከመሄዱ በፊት መጻፍ ያለበት። የትኛው ግዳጅ የአገሩን ፈቃድ ይጠይቃል? ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ቢማረክ የሚደራደርለት ማን ነው? የሕዝብ እንደራሴዎችስ በውጭ ጦር ውስጥ ስንት ወታደር እንዳላቸው ያውቃሉ?

ልውውጡ ይቀጥል፤ ጥቅሙ የታየ ነው። ግን አንድ ሰው መላክ ስኳድሮን ከመላክ ስለቀለለ ብቻ፣ መንግሥት ያልወሰነውን ጦርነት በአንድ አብራሪ ትከሻ ላይ መጫን የለበትም።