ሎሚውን ማን ይሸከም?

«ፕሮጀክቱ ኦፕን ሶርስ ነውና ድረ ገጹንም ሁላችን እንንደፈው» የምትሉ ወገኖች፣ እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ከነደፋችሁት በኋላ ማን ይሠራዋል? አስተያየት መስጠትማ ማንን ያቅተዋል!

ድሩፓልን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2008 ማርክ ቦልተንና ሊሳ ራይክልት የማኅበረሰቡን ድረ ገጽ እንደ አዲስ ሲነድፉ ሥራቸውን አደባባይ አወጡት። ረቂቁን ያሳያሉ፣ ነቀፋውን ይሰማሉ፣ አሻሽለው መልሰው ያወጣሉ። ሸጋ ነው። አዲሱ ድረ ገጽ የተከፈተው ግን በ2010 መገባደጃ ነው። ሁለት ዓመት ገደማ! ያውም ድሩፓል ራሱ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ሆኖ ሳለ።

ንድፉ አልነበረም ችግሩ። ተናጋሪው ብዙ፣ ሠሪው ጥቂት በጎ ፈቃደኛ ሲሆን ውጤቱ ይኸው ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። እውነት! ግን ሃምሳው ሰው ስለ ሎሚው ቀለም ሲከራከር ከዋለ፣ ሸክሙ ያው የአንዱ ነው። ስለዚህ ለየሥራው ባለቤት ሳትሰይሙ አስተያየት አትሰብስቡ። ኮድ የሚችል ኮድ ይጻፍ። የማይችል ይተርጉም፣ ጽሑፍ ያርም፣ አዲስ መጪ የት ላይ ግራ እንደሚጋባ ይመዝግብ። «ቀለሙ አልጣመኝም» ብቻ የሚል ደግሞ... መጀመሪያ አንድ ሎሚ ያንሳ!