ማኅተም የሌለው ሚዛን በእጅ ላይ

አንድ ኩንታል ተብሎ የተሸጠ ጤፍ ተመዝኖ 73 ኪሎ ሆኖ ቢገኝ፣ በሰበታም ሆነ በቡራዩ ገዥው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም። ደላላው ይጠራል፣ ሚዛኑ ይፈተሻል፣ ነገሩ ንግድ ጽሕፈት ቤት ሊደርስም ይችላል። እጅ ላይ ታስሮ «ዛሬ ይህን ያህል ካሎሪ አቃጥለሃል» የሚለው ዘመናዊ ሰዓት በዚያው መጠን ሲስት ግን ጠያቂ የለውም። እንዲያውም ባለቤቱ የተሳሳተውን ቁጥር ለጓደኞቹ እያሳየ ይኩራራበታል።

ይህ ሐሜት አይደለም። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ሰባት ዓይነት ሰዓቶችን በ60 ሰዎች እጅ ላይ ፈትነዋል። ሰዎቹ ሲራመዱ፣ ሲሮጡና ብስክሌት ሲነዱ የሚወስዱት ኦክስጅንና የሚያስወጡት አየር በጭንብል ይለካ ነበር፤ የተቃጠለው ኃይል በትክክል የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነውና። በልብ ምት ከሰባቱ ስድስቱ ስህተታቸው ከ5 በመቶ በታች ሆነ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። በካሎሪ ግን ከሁሉ የተሻለው ሰዓት 27 በመቶ ገደማ፣ የመጨረሻው ደግሞ 93 በመቶ ሳተ። ስህተቱ ጠቆር ያለ ቆዳና ወፈር ያለ ሰውነት ባላቸው ሰዎች ላይ ይጨምር እንደነበርም ተመዝግቧል። ሰዓቱ ምት የሚቆጥረው ቆዳ ላይ ብርሃን እያበራ ስለሆነ፣ ይህ የኢትዮጵያን ገዥ በቀጥታ ይመለከታል።

የያኔዎቹ ሞዴሎች በአዲስ ተተክተዋል፤ አሠራሩ ግን ያው ነው። ሰዓቱ ካሎሪን አይለካም፤ ከልብ ምት፣ ከእጅ እንቅስቃሴ፣ ከዕድሜ፣ ከቁመትና ከክብደት ተነስቶ ይገምታል። ግምት ደግሞ ቦታና ሰው ሲለወጥ ይዛባል። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ትራክ የሠራባት ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ትናንት ከድሬዳዋ የመጣ ሰው እዚያ ሶምሶማ ቢሮጥ አየሩ ስለሚሳሳበት ልቡ ከለመደው በላይ ይመታል፤ ሰዓቱም ብዙ የሠራ ይመስለዋል። በተቃራኒው፣ ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክማ የምትወርደውን እናት አስቡ። ሁለት እጇ ገመዱ ላይ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ስንት ኪሎ እንዳለ ሰዓቱ በምን ያውቃል? የልቧ ምት ጥቂት ይጠቁመው እንደሆነ እንጂ።

ሱቅ ውስጥ ሲውል «ክብደት ቀንስ» ተብሎ በሐኪም የታዘዘ ነጋዴ ጉዳዩ የዋዛ አይደለም። ሰዓቱ 600 ሲለው በእውነት ያቃጠለው 470 ቢሆን ልዩነቱ 130 ነው፤ ለአንድ ጠርሙስ ቢራ ጥቂት የቀረው። «ሠርቼበታለሁ» ብሎ በየቀኑ ከጠጣው በወር ወደ 3,900 ካሎሪ ይጠጋል፤ ግማሽ ኪሎ ስብ ማለት ነው። ሰውየው መሮጡን ሳያቋርጥ ለምን እንደወፈረ ግራ ይገባዋል።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ዋጋ የሚገባን ዕቃ በማይሠራው ነገር እያሞገሱ መሸጥ ደንበኛ ያስቀይማል። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር በተጠቃለሉት በእነዚህ ከተሞች ጂም ለመክፈት የሚያስብ ባለሀብትም፣ በሰዓት ካሎሪ ሽልማት ከመስጠቱ ወይም ለደንበኛ የምግብ መጠን ከመወሰኑ በፊት ሁለት ጊዜ ያስብ። ለሯጭ የቆየው ስሌት ይሻለዋል፤ በአንድ ኪሎ ክብደት፣ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ካሎሪ ገደማ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ወደ 700 ያቃጥላል። ይህም ግምት ነው፤ ግን ዶላር አይጠይቅም።

ሻጩ ሰዓቱን ከመደርደሪያው ያውርድ አይባልም። የልብ ምቱ ይታመናል፤ እርምጃም ይቆጥራል፤ የትናንቱን ከዛሬው ለማነጻጸርም ይረዳል። በካሎሪው ፊት «በግምት» የምትል አንዲት ቃል ቢጨምር፣ ሰዓቱን የፈለገ ደንበኛ ያን ጊዜም ይገዛዋል።