ፎርቼላው ደረቀ ብላችሁ አየሩን አታስተንፍሱ

የተራራ ቢስክሌት የሚነዱ ጓደኞቻችን የፊት ፎርቼላው ደረቀብን፤ ኮረኮንች ስንወርድ እጃችንን ያደነዝዘዋል እያሉ ሲያማርሩ ዘወትር ይሰማል። የሁሉም ምክር አንድ ነው፤ አየሩን ቀንሱ! እኔ ግን ይህ ምክር ብዙ ጊዜ ነገሩን ያብሰዋል እላለሁ።

በአየር የሚሠራ ፎርቼላ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር አየሩ እየታመቀ ይጠነክራል። አየሩ ከልክ በላይ ከተቀነሰ ገና ነጂው ሲወጣበት ይሰምጣል፤ የሚቀረውም ጠንካራው ክፍል ብቻ ስለሆነ ለስላሳ ይሆናል የተባለው ፎርቼላ ድንጋዩን ሁሉ ለእጅ ያቀብላል። ስለዚህ ግምት ይቅርና ማስመሪያ ይያዝ። እስከ 120 ሚሊ ሜትር የሚገባ ፎርቼላ፤ ነጂው ቆሞበት ከ18 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ደኅና ነው።

ከእግሩ ግርጌ ያለችው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀይ የሆነችው መዘውርስ? በብዙዎቹ ላይ ጥንቸልና ኤሊ ተሥለውባታል። ዝግታ ልስላሴ እየመሰላቸው ኤሊዋን የሚመርጡ አሉ። ነገር ግን ፎርቼላው ከመጀመሪያው ድንጋይ ሳይመለስ ሁለተኛው ይደርስበታል፤ በሦስተኛው ጨርሶ ይቀበራል። ወደ ጥንቸሏ አንድ ሁለት ቀጭታ ማዞር ምንም ወጪ የለውም።

መቆለፊያው ተዘግቶ እንደሆነ፤ ጎማውም እንደ ድንጋይ ተነፍቶ እንደሆነ ማየት የማንም ፈንታ ነው። «አርጅቷል፤ ሌላ ግዙ» የሚሉ ጠጋኞች ግን አያስደስቱኝም። የወላጅ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በእግሮቹ ውስጥ ያለው ዘይት ይታይ። አንዳንድ ፋብሪካዎች በየ50 ሰዓት ንጂያ እንዲለወጥ ያዛሉ፤ በእኛ አቧራ ደግሞ ጎሚኒው ቶሎ ይደርቃል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የውጭው አየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በቆላ አገር የተገጠመ ፎርቼላ በታችኛው እግሩ ውስጥ የዚያን አገር አየር ዘግቶ ይመጣል፤ እሱም ወደ መጨረሻው ሲገባ ይገፋዋል። ማስተንፈስ የሚገባው እንግዲህ ይኸኛው ነው። አንዳንዱ ፎርቼላ ለዚሁ ከእግሩ ኋላ ትንሽ ቁልፍ አለው። ለሌለው ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በጎሚኒው ሥር በቀስታ ማሾለክ ይበቃል፤ ብረት ግን አይግባ፤ እግሩን ይቧጭረዋል።