ጓሮአችን፦ ቶሎ የማይረግፍ ጽጌረዳ እንምረጥ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ባሚያ አነበብን። ዛሬ ደግሞ ስለ ጽጌረዳ እናነባለን።

ጽጌረዳ በደጅ ሲተከል ደጁ ያምራል። እንግዳም ሲመጣ ደስ ይለዋል። ነገር ግን በፑኝዶ ስለ ጽጌረዳ ሲወራ፣ «ጠዋት ይፈካል፣ በማግሥቱ ይረግፋል፣ አገሩ ጽጌረዳ አይቀበልም» ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው ወይ? ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የምርጫ ጉዳይ ነው። ሁሉም ጽጌረዳ እኩል አይረግፍም። እንግዲህ እንዴት እንደምንመርጥ እንይ።

ውኃው ስንት ነው?

በመጀመሪያ ሒሳብ እንሥራ። በፑኝዶ ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ በጋ ነው። ይህ 5 ወር ነው። 5 ወር 150 ቀን ነው። 150 ቀን ደግሞ ወደ 21 ሳምንት ይሆናል። ለአንድ እግር ጽጌረዳ በሳምንት አንድ ጀሪካን ውኃ እንሰጣለን እንበል። አንድ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ በበጋው ለአንድ እግር 21 ጀሪካን፣ ማለትም 420 ሊትር ያስፈልገናል። ሦስት እግር ከተከልን 63 ጀሪካን ይሆናል።

ይህን ውኃ የሚሸከመው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ እናት ናት። ወይም ልጃገረድ ናት። ጀሪካኑ በራሷ ላይ ነው። መንገዱም ሞቃት ነው። በፑኝዶ ደግሞ ውኃ ፈላጊው ብዙ ነው። የአገሩ ሰው አለ። በመጠለያ የሚኖሩ ስደተኞችም አሉ።

እንግዲህ ልብ እንበል። በ2 ቀን የሚረግፈውም ጽጌረዳ፣ ሳምንት የሚቆየውም ጽጌረዳ የሚጠጡት ውኃ እኩል ነው። ድካሙም እኩል ነው። ደስታው ግን እኩል አይደለም። ስለዚህ ምርጫው የጌጥ ነገር ብቻ አይደለም። የእናቶች ድካም አለበት። ሳንመርጥ ብንተክል ያ ሁሉ ድካም ለ2 ቀን አበባ ይሆናል።

አበባው ለምን ይረግፋል?

የአበባው ቅጠል ከሥሩ በስስ ነገር ተያይዟል። አበባው ሲያረጅ ያ ማያያዣ ይላላል። ቅጠሉም ይወድቃል። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው። አበባ የሚፈካው ፍሬ ለማፍራት ነው። ሥራውን ሲጨርስ ይረግፋል። ዕድሜውን የሚያሳጥሩት ነገሮች ግን አሉ።

አንደኛው ሙቀት ነው። ሙቀት ሲበዛ እንቡጡ ቶሎ ይፈካል፤ ቶሎም ይረግፋል። ከዚህም በላይ ሙቀት የአበባውን ቅጠሎች ቁጥር ይቀንሳል። አበባውንም ያሳንሳል። ለዚህ ነው በአገራችን ለውጭ ገበያ የሚሆን ጽጌረዳ በደጋና በወይና ደጋ የሚለማው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ በሆለታ፣ በሰበታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ (ባቱ) ትልልቅ የአበባ እርሻዎች ተስፋፍተዋል። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ይላል። ሌሊቱ ይበርዳል። እንቡጡ ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ይወፍራል። ከዚያም አበባው በአውሮፕላን ኔዘርላንድ (ሆላንድ) ድረስ ይሄዳል። ጋምቤላ ከተማ ግን ከፍታዋ ወደ 500 ሜትር ብቻ ነው። ፑኝዶም እንደዚያው ቆላ ናት። በየካቲትና በመጋቢት የቀኑ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ የሆለታን ያህል የሚቆይ ጽጌረዳ ፑኝዶ ላይ አንጠብቅ። ለፑኝዶ የሚሻለውን እንፈልግ።

ሁለተኛው ጥማት ነው። ሥሩ ውኃ ሲያጣ ተክሉ አስቀድሞ የሚጥለው አበባውን ነው።

ሦስተኛው ደረቅ ነፋስ ነው። የላላውን ቅጠል ነፋሱ ያራግፈዋል።

ምን ምን ምልክት እንይ?

ችግኝ ስንገዛ ወይም ከጎረቤት ስንለምን እነዚህን 4 ምልክቶች እንይ።

1. የቅጠሉን ቁጥር እንቁጠር። አምስት ቅጠል ብቻ ያለው ጽጌረዳ አለ። በአገራችን ደጋ የሚበቅለው ቀጋ አበባው እንዲህ ነው። ቀጋ የአገራችን የዱር ጽጌረዳ ነው፤ ፍሬውም ይበላል። ባለ አምስት ቅጠሉ አበባ ያምራል፤ ግን ቶሎ ይረግፋል። ቅጠሉ በብዙ ድርብ የተደራረበው ይበልጥ ይቆያል። ውስጠኛው ቀስ በቀስ ይፈካልና።

2. ድርቡ ከመጠን አይብዛ። እጅግ ብዙ ቅጠል ያለው እንቡጥ በክረምት ዝናብ ሲመታው ይጣበቃል። ሳይፈካ ይበሰብሳል። መካከለኛውን እንምረጥ።

3. ቅጠሉን በጣት እንዳስስ። ስስና ልል ከሆነ ቶሎ ይጠወልጋል። ወፈር ያለና ጠንከር ያለ ከሆነ ይቆያል። ቀስ ብለን እንዳስስ፤ አበባውን እንዳንጎዳው።

4. ቀለሙን እንይ። በጣም ጥቁር ቀይ የሆነው ጽጌረዳ በጠራራ ፀሐይ ጠርዙ ይቃጠላል። ሮዝና ቀላ ያለ ቢጫ ፀሐዩን ይበልጥ ይችላሉ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ለውጭ ገበያ የሚለማው ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት ውስጥ በብዙ እንክብካቤ ያድጋል። ያንን አምጥተን በደጃችን ብንተክል ቅጠሉ በበሽታ ሊመታ ይችላል። የእቅፍ አበባ ስላማረ ችግኙ ለደጃችን ይስማማል ማለት አይደለም።

በደብተር እንጻፍ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ሻጭ፣ «እናቴ፣ ይኸ አበባ ወር ይቆያል» ቢለንስ? እንዴት እናውቃለን? ያን ዕለት የምናየው የፈካውን አበባ ብቻ ነው። የሚረግፍበትን ቀን አናይም።

አባቶቻችን፣ «በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል» ይላሉ። እኛ መጻፍ ተምረናል። ቁጥርም እናውቃለን። እንግዲያው በዚሁ እንጠቀም።

በሰፈራችን ጽጌረዳ ያላቸውን ጎረቤቶች እንጠይቅ። ከሁለት ዓይነት ጽጌረዳ ሦስት ሦስት እንቡጥ እንምረጥ። በአንደኛው ዓይነት ላይ ቀይ ክር እንሰር። በሁለተኛው ላይ ሰማያዊ ክር እንሰር። የፈካበትን ቀን እንጻፍ። የመጀመሪያው ቅጠል የወደቀበትን ቀንም እንጻፍ። ለምሳሌ እንዲህ ይሆናል።

ቀይ ክር፦ አንዱ 3 ቀን፣ ሌላው 4 ቀን፣ ሦስተኛው 2 ቀን ቆየ። ድምሩ 9 ነው። 9 ለ3 ሲካፈል 3 ቀን ይሆናል።

ሰማያዊ ክር፦ አንዱ 6 ቀን፣ ሌላው 5 ቀን፣ ሦስተኛው 7 ቀን ቆየ። ድምሩ 18 ነው። 18 ለ3 ሲካፈል 6 ቀን ይሆናል።

እንግዲህ የትኛውን እንምረጥ? መልሱ ግልጽ ነው አይደል? ሰማያዊ ክር የታሰረበትን ነው። ግን ተጠንቅቀን እንቁጠር። ሁለቱ በአንድ ሳምንት የፈኩ መሆን አለባቸው። አንዱ በጥላ፣ ሌላው በፀሐይ ከሆነ ሚዛኑ እኩል አይሆንም። አንዱ ውኃ ጠጥቶ ሌላው ከተጠማም እንዲሁ ነው።

አንድ አበባ ብቻ ቆጥረን አንፍረድ። አንዱን ፍየል ነክታው ይሆናል። ሦስቱን ስንቆጥር ግን እውነቱ ይወጣል።

ከመረጥነው እንቁረጥ

የሚቆየውን ካወቅን ችግኝ መግዛት ላያስፈልገን ይችላል። ባለቤቱን አስፈቅደን አንድ ቅርንጫፍ እንቁረጥ። ከዘር የበቀለ ጽጌረዳ እናቱን ላይመስል ይችላል። ከቅርንጫፍ የበቀለ ግን እንደ እናቱ ነው። የእናቱ አበባ የሚቆይ ከሆነ የልጁም ይቆያል።

የእርሳስ ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ እንምረጥ። ርዝመቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። 3 ወይም 4 ዓይን ይኑረው። ዝናብ ሲጀምር፣ በግንቦት ወይም በሰኔ፣ ከግማሽ በላዩን በአፈር እንቅበረው። እስኪሰድ ድረስ በጥላ ይቆይ። ሁሉም አይጸድቅም። ስለዚህ አንድ ከምንፈልግ አራት እንትከል።

የተዳቀለ ችግኝ ከገዛን ደግሞ እንጠንቀቅ። ከታች፣ ከተዳቀለበት በታች የሚያቆጠቁጥ ካለ ከሥሩ እንንቀለው። እርሱ የሥሩ የዱር ጽጌረዳ ነው። ከተውነው የመረጥነውን ውጦ ያስቀረዋል።

የት እንትከል?

ከቤታችን በምሥራቅ በኩል እንትከል። የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። ከሰዓት በኋላ የቤቱ ጥላ ይሸፍነዋል። አጥር ካለ ነፋሱን ይከላከልለታል። ከትልቅ ዛፍ ሥር አንትከል፤ የዛፉ ሥር ውኃውን ይሻማል።

ውኃውን ጠዋት ጠዋት እናጠጣ። ጀሪካኑን ለሁለት ቀን ከፍለን፣ ግማሽ ግማሹን፣ ከሥሩ እናፍስስ። በቅጠሉ ላይ አናርከፍክፍ፤ በሽታ ያመጣል። አትክልት የታጠበበት ውኃ ለጽጌረዳ ይሆናል። ንጹሑ ውኃ ግን ለሰው ይቅደም። የሚጠጣ ውኃ ሲያጥር ጽጌረዳው ይጠብቅ።

አፈሩ እንዳይደርቅ ደረቅ ሣር እናልብሰው። ሣሩ ግን ግንዱን አይንካ። አንድ ስንዝር ይራቅ። ሣር ግንዱን ከነካ ምስጥ ይዞ ይመጣል።

ስንቆርጥስ?

አበባውን ለቤት ከፈለግን ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ እንቁረጥ። ሙሉ በሙሉ የፈካውን አንቁረጥ። ውጫዊው ቅጠል ሊፈታ የጀመረውን እንቡጥ እንቁረጥ። ወዲያው በንጹሕ ውኃ እንንከረው። ውኃ ውስጥ የሚገባውን አረንጓዴ ቅጠል እናንሳ፤ ይበሰብሳልና። ውኃውን በየቀኑ እንለውጥ።

በጋምቤላ ማንጎ ብዙ ነው። እንግዲህ ይህን እንወቅ። ማንጎና ሙዝ ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይወጣቸዋል። ዓይን አያየውም። ይህ ጋዝ ብዙ አበባ ያለ ጊዜው ያረግፋል። ስለዚህ የበሰለ ማንጎ ካለበት ጠረጴዛ ላይ ጽጌረዳ አናስቀምጥ።

መርገፍ ሁሉ ጉዳት ነው ወይ?

አይደለም። ከርከዴን እንይ። የከርከዴ አበባ ለአንድ ቀን ያህል ብቻ ይፈካል። ከዚያ ይረግፋል። ነገር ግን ከሥሩ ያለው ቀዩ ወፍራም ክፍል ይቀራል። ያድጋል። ያንን ለቅመን፣ አድርቀን፣ አፍልተን እንጠጣለን። ባሚያም እንዲሁ ነው። አበባው በአንድ ቀን ያልፋል፤ ፍሬው ለወጥ ይሆናል። እነዚህን የምንተክለው ለአበባቸው ዕድሜ አይደለም።

ውኃው በጣም ሩቅ ለሆነበት ቤት ደግሞ ቦገንቪሊያ አለ። ደማቅ ቀለሙ የአበባ ቅጠል አይደለም። ቀለም ያለው ተራ ቅጠል ነው። እውነተኛው አበባ በመካከሉ ያለው ትንሹ ነጩ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ለሳምንታት ይቆያል። አንዴ ሥር ከሰደደ ሙቀትንና ድርቅን ይችላል።

ጽጌረዳ የወደደ ግን ጽጌረዳ ይትከል። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። አንድ እግር፣ በደንብ የተመረጠ፣ ካልተመረጡ ሦስት እግር ይሻላል። ከ63 ጀሪካን 42ቱ ይቀርልናል።

ለመለማመድ

1. ባለ አምስት ቅጠል ጽጌረዳና ባለ ድርብ ጽጌረዳ በምን ይለያሉ?

2. አንድ ጽጌረዳ 4 ቀን፣ ሌላው 6 ቀን፣ ሦስተኛው 5 ቀን ቆየ። ድምሩ ስንት ነው? ለ3 ሲካፈልስ?

3. ለሁለት እግር ጽጌረዳ በ21 ሳምንት ስንት ጀሪካን ውኃ ያስፈልጋል?

4. በሰፈራችሁ ያለውን አንድ አበባ ምረጡ። የፈካበትንና የረገፈበትን ቀን በደብተራችሁ ጻፉ። ለጎረቤታችሁም አንብቡለት።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ምስጥ እናነባለን። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።