ሶኬቱ ከገጠመ ይበቃልን?



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ንጽሕናና ስለ አገር ፍቅር መልካም ጽሑፍ የሚያቀርቡ ጓደኞች ስላሉን፣ ያንን ለእነርሱ ትቼ እኔ ስለ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ሣጥን ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ሣጥኗ ከመማሪያ መጽሐፋችን አትበልጥም። በመኪናው ሆድ ውስጥ ተሸሽጋ ስለምትኖር ተሳፋሪ አያያትም፤ ሾፌሩም ቢሆን የሚያስታውሳት ከመሪው ፊት ለፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ብጫ መብራት በርቶ አልጠፋ ሲለው ብቻ ነው። መካኒኮች «የኤቢኤስ ኮምፒዩተር» ይሏታል። የእኔ ክርክር ይህች ሣጥን ስትበላሽ በምን ትተካ በሚለው ላይ ነው።

ነገሩ የቅንጦት ወሬ ይመስል ይሆናል፤ ለእኛ ግን አይደለም። ከወረታ ተነሥቶ ደብረ ታቦርን፣ ክምር ድንጋይንና ነፋስ መውጫን አቋርጦ ወልድያ የሚደርሰው ቻይናውያን የሠሩት መንገድ የጉናን ትከሻ ተሻግሮ ያልፋል፤ ጉናም ከ4000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ ነው። በክረምት ጭጋግ ይወርዳል፤ አስፋልቱም ርሶ ይውላል። ከዚያ መንገድ ተገንጥሎ ወደ እስቴ ወይም ወደ ስማዳ የሚሄደውን ሰው ደግሞ ጠጠሩና ቁልቁለቱ ይጠብቁታል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ከእኛ በፊት የነበሩት ብዙ ተማሪዎች ከነልብሳቸውና ከነደብተራቸው መኪና ተሳፍረው ይህን ቁልቁለት ወርደዋል። ስለዚህ ስለ ፍሬን ስጽፍ ስለ ሰው ንብረት ሳይሆን ስለ ራሳችን አንገት መጻፌ ነው።

መኪኖቹም ያረጁ ናቸው፤ ገናም እያረጁ ይሠራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ከውጭ በሚያስመጣ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ሕጎቹ ይበጃሉ ወይስ አይበጁም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። ለእኛ የሚተርፈው ግን ግልጽ ነው፤ ያለው ላንድ ክሩዘር፣ ያለው ሃይሉክስ፣ ያለው ሚኒባስ እየተጠገነ ብዙ ዓመት ይነዳል።

አሁን የሣጥኗን ሥራ በአጭሩ ላስረዳ። ሾፌር ደንግጦ ፍሬን በኃይል ሲረግጥ ጎማው መሽከርከሩን ያቆምና ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተት ጎማ ደግሞ ለመሪ አይታዘዝም። ኤቢኤስ የተፈለሰፈው ይህን ለመከልከል ነው። በጎማው አጠገብ ጥርስ ያለው ቀለበትና ጥርሱን የሚቆጥር ሴንሰር አለ። ኮምፒዩተሩ የጎማዎቹን ፍጥነት እያነጻጸረ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ በድንገት ሲዘገይ ያየ እንደ ሆነ፣ የዚያን ጎማ የፍሬን ዘይት ግፊት በቫልቭ ለቅጽበት ያላላል፤ ወዲያው መልሶ ያጠብቃል። ይኸውም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ሾፌሩ ከእግሩ ሥር ፔዳሉ ሲንቀጠቀጥ የሚሰማው ስለዚሁ ነው። ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ይህን መሣሪያ በኤሌክትሮኒክስ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1978 በመርሴዲስ መኪና ላይ ካዋለው ወዲህ በዓለም ላይ ተስፋፋ።

ሣጥኗም እንደ ሰው ታረጃለች። በውስጧ በቆርቆሮ የተበየደው ይሰነጠቃል፤ ውኃ ይገባባታል፤ መንገዱም ሲያንገጫግጫት ይኖራል። በውጭ አገር ያሉት የአሮጌ ስፖርት መኪና ወዳጆችም ከዚህ ጭንቀት አላመለጡም። የድሮ ፖርሽ ያለው ሰው ፋብሪካው መሥራቱን የተወውን ሣጥን ሲፈልግ፣ በሌላ ፋብሪካ መኪና ውስጥ ወንድሙ ይገኝ እንደ ሆነ ቁጥር በቁጥር ይመረምራል፤ ቦሽ ለብዙ ፋብሪካዎች ይሸጥ ስለ ነበር አንዳንድ ጊዜ ይሳካለታል። በጋይንት መንገድ ላይ ፖርሽ አይቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ የእኛም ባለመኪና ጭንቀቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ እርሱ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ መላኩ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ወገን አለ። አንደኛው «ከፋብሪካ የመጣ አዲስ ዕቃ ካልሆነ አይነካም» ይላል። ይህ ንግግር ለጆሮ ያምራል እንጂ ለአገራችን አይሠራም። ለአሮጌ መኪና አዲሱ ዕቃ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋውን የሰማ ባለመኪና ነገሩን ትቶ እንዲሁ መንዳትን ይመርጣል። ከተጋጨ መኪና የተፈታች ጤነኛ ሣጥን ቁጥሯ አንድ ከሆነ ከአዲሲቱ የምትለየው በዕድሜዋ ነው። ስለዚህ መለዋወጥን የሚንቅ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ሁለተኛው ወገን ግን ከዚህም የባሰ ነው፤ እርሱም «ሶኬቱ ከገጠመና መብራቱ ከጠፋ ይበቃል» የሚለው ነው።

ባለፈው ክረምት በአንድ ጋራዥ መፍቻ እያቀበልሁ ስሠራ የዚህን ወገን ሐሳብ በቅርብ ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። አንድ ባለመኪና ለ«ፎር ዊል» ሃይሉክሱ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ሣጥን ይዞ መጣ። መልኳ አንድ፣ ሶኬቷ አንድ፣ የብሎኑ ቀዳዳ አንድ ነው። «በል ቶሎ ግጠምልኝ፣ ነገ ገበያ አለብኝ» አለ። መካኒኩ ግን የሁለቱንም ሣጥን አቧራ በጨርቅ ጠርጎ ወረቀታቸውን ካነበበ በኋላ «ጋሼ፣ ይቺ ከኋላ ጎማ ብቻ ከሚነዳው መኪና የወጣች ናት፤ አልገጥማትም» አለው። «አንተ ደግሞ መኪና ትጠግናለህ ወይስ ወረቀት ታነባለህ?» ብሎ ተቆጣና ሣጥኑን ይዞ ሄደ። ሌላ ቦታ አስገጥሞት ይሆናል።

ወረቀት ማንበቡ ግን የጥገናው ዋና ክፍል ነበር። ሞተሩ አራቱንም ጎማ ሲነዳ የፊቱና የኋላው ጎማ በዘንግ ይተሳሰራሉ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ አራቱም ባንድነት ሊታሰሩ ይችላሉ፤ ጎማን ከጎማ ጋር ብቻ የሚያነጻጽር ኮምፒዩተርም የሚዘገይ ጎማ ለይቶ ስለማያይ መኪናው የቆመ ይመስለዋል። ስለዚህ በብዙ «ፎር ዊል» መኪኖች ላይ፣ መኪናው ራሱ በእውነት ምን ያህል እየዘገየ መሆኑን የሚለካ ተጨማሪ ሴንሰር ይደረጋል። የሁለት ጎማው ኮምፒዩተር ይህን ሴንሰር አይጠይቀውም። ሶኬታቸው አንድ ቢሆንም የተጻፈላቸው ትእዛዝ ልዩ ልዩ ነው።

የቀለበቱም ጥርስ እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ያህል ቁጥሩን ከራሴ ልስጥ። ኮምፒዩተሩ በአራቱም ጎማ ላይ 48 ጥርስ አለ ተብሎ ተጽፎለት ሳለ፣ የተገጠመበት መኪና ከፊት 48፣ ከኋላ 44 ጥርስ ቢኖረውስ? የኋላው ጎማ አንድ ዙር ሲዞር ኮምፒዩተሩ የሚቆጥረው 44 ብቻ ስለሆነ፣ ከፊተኛው በመቶ 8 ያህል የዘገየ ይመስለዋል። መዘግየት ደግሞ ጎማ ሊታሰር ሲል የሚታይ ምልክት ነው። እንግዲህ ሾፌሩ ፍሬን ገና በለስላሳው ሲይዝ ኮምፒዩተሩ የኋላውን ያለ ምክንያት ማላላት ሊጀምር ይችላል። ሒሳቡን መምህሮቻችን ይመርምሩት።

ታዲያ ምን ይታይ ቢባል ቁጥሩ ይታይ እላለሁ፤ ያውም እስከ መጨረሻው አኃዝ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አምስትና አምስት ሆኖ በሁለት ይከፈላል። የፊተኛው አምስት የዕቃውን ዓይነት ይናገራል፤ 89540 ወይም 89541 የፍሬን ኮምፒዩተር ማለት ነው፤ 44050 ደግሞ የዘይቱን ግፊት የሚያዝዘው የቫልቩ ክፍል ነው። የኋለኛው አምስት ዕቃው ለየትኛው መኪና እንደ ተሠራ ይናገራል። ሻጩ «89541 ነው፣ ያው ነው» ሲል የነገረን ዕቃው የፍሬን ኮምፒዩተር መሆኑን ብቻ ነው፤ እርሱንማ ቀድሞም እናውቅ ነበር። የቦሽ ቁጥር አሥር አኃዝ ሆኖ በ0 265 ይጀምራል፤ በዚያም ቢሆን መጀመሪያው የቤተ ሰቡ፣ መጨረሻው የልጁ ስም ነው። ፋብሪካው አንዱን ቁጥር በሌላ የተካበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ የፋብሪካው ዝርዝር ሲፈቅድ ይለወጥ። በቅርብ ጊዜ መኪኖች ላይ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ከቫልቩ ክፍል ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ አንዳንዱም በመሣሪያ ካልተጻፈለት አይሠራም።

ቁጥሩ ጨርሶ ካልተገኘስ? ሣጥኗን ከፍቶ የተሰነጠቀውን በጥንቃቄ መበየድ የሚችል ባለሙያ ካለ ያ አንድ መንገድ ነው። ያም ካልሆነ መኪናው ያለ ኤቢኤስ ይሂድ። ኮምፒዩተሩ ጉድለቱን ባወቀ ጊዜ ራሱን ከሥራ ያስወጣል፤ ብጫው መብራት ብቻውን በርቶ ሳለ ተራው ፍሬን እንደ ድሮው ይይዛል። ያለ ኤቢኤስ መንዳት ነውር አይደለም፤ የቀድሞ ሾፌሮች ሁሉ እንዲያ ነድተዋል። እንዲያውም ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. በእኛው አገር በኩል ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ በቁልቁለት ላይ ፍሬኑ የሰው ክንድ ነበረ።

ነውሩ ሌላ ነው። አንዳንድ ሰዎች የብጫውን መብራት አምፖል ይነቅላሉ። የረቀቁት ደግሞ ሽቦውን ከሌላ መብራት ጋር አገናኝተው፣ ሞተር ሲነሣ አብሮ እንዲበራና አብሮ እንዲጠፋ ያደርጉታል፤ ያየው ሁሉ ጤነኛ ነው ይላል። ይህ ጥገና አይደለም፤ ሐሰት ነው። ለቦሎ የሚመረምረው ይታለላል፤ መኪናውን የሚገዛው ይታለላል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚታለለው በማግሥቱ መሪውን የሚጨብጠው ሾፌር ነው። ኤቢኤስ ያለው መኪና የሚነዳ ሰው በጭንቅ ጊዜ ፍሬኑን አጥብቆ ረግጦ እግሩን ሳያነሣ መሪውን ያዞራል። የሌለው ደግሞ ጎማው እንዳይታሰር ረገጥ ለቀቅ ያደርጋል። እንግዲህ አለኝ ብሎ የሌለው ሰው እግሩን ምን ብሎ ይዘዘው? ከኋላው የተቀመጡት አሥራ አምስት ሰዎችስ ይህን ማን ነገራቸው?

ነባር ሾፌሮች «በጠጠር ላይ ኤቢኤስ መኪናውን ያርቀዋል እንጂ አያቆመውም» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህ አባባላቸው እውነት አለው። በልል ጠጠር ላይ የታሰረ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ ስለሚቆም፣ ኤቢኤስ ያለው መኪና ትንሽ ራቅ ብሎ ሊቆም ይችላል። ነገር ግን በእስቴ መንገድ መታጠፊያ ላይ ከፊት ለፊት አህያ የጫነ ሰው ብቅ ቢል፣ መሪው የሚታዘዝ መኪና መያዝን የሚጠላ አይኖርም። ደግሞም በረጅም ቁልቁለት የጋለ የፍሬን ሸራን ኤቢኤስ አያቀዘቅዘውም፤ እዚያ ላይ የሚያድነው ማርሽ ቀንሶ መውረድ ነው። በዚህ ነባሮቹን ማንም አይበልጣቸውም።

ሐሳቤን ልናገር። በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በመካነ ኢየሱስ፣ በወገዳና በደብረ ታቦር ያሉ መካኒኮች እያንዳንዳቸው ብዙ ያውቃሉ፤ እውቀቱ ግን በየራሳቸው ጭንቅላት ተቆልፎ ነው የሚኖረው። አንዱ ደክሞ ያገኘውን ሌላው ከእንደ ገና ይፈልጋል፤ ወጪውም በባለመኪናው፣ ከዚያም በተሳፋሪው ላይ ይወድቃል። አንዳንዶቹ ቁጥሩን እንጀራችን ነው ብለው ይደብቁታል። እኔ ግን እንጀራቸው እጃቸው ነው ባይ ነኝ፤ ቁጥሩን ያወቀ ሁሉ መግጠም አይችልምና። ስለዚህ አንድ ደብተር ይከፈት። የመኪናው ዓይነትና የተሠራበት ዓመት፣ የሚነዳው በሁለት ጎማ ነው ወይስ በአራት፣ የሣጥኑ ሙሉ ቁጥር፣ በየትኛው ቁጥር እንደ ተተካ፣ በመንገድ ላይ ሲፈተንም ምን እንዳሳየ ይጻፍበት። ያልሠራውም ይጻፍ፤ እንዲያውም እርሱ ይቅደም። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋሙን በጋፋት ስም ጠርቶታልና፣ መምህራኑ ደብተሩን አይተው ቢያርሙልን ለስሙ የሚገባ ሥራ ይሆን ነበር።

መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ ከእናንተ የሚፈለገው ጥቂት ነው። ሣጥኗ ገና ጤነኛ ሳለች መካኒኩን አስከፍታችሁ ቁጥሯን በስልክ ፎቶ አንሡ። በተበላሸች ጊዜ ወረቀቱ በዘይት ተበልቶ ሊገኝ ይችላል፤ ሶማሌ ተራ ያለው ነጋዴም ከፎቶ ላይ የሚያነበውን ቁጥር በስልክ ከተነገረው ይልቅ ያምነዋል። ፎቶውን በልጃችሁ እጅ ወደ ትምህርት ቤት ላኩልን።

ደብተሩ አሁን በእኔ ዘንድ ይገኛል። ባለ መስመር፣ ባለ 100 ገጽ ነው፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ መካኒኩ አልገጥማትም ያላት የሣጥን ቁጥርና ምክንያቱ ተጽፎበታል። የዘንድሮውን ፈተና እንደ ጨረስን ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች አስረክባለሁ።