ቴሌስኮፕ መግዛትና ቴሌስኮፕ መሥራት፦ በላሊበላ ተራሮች ስለታሰበው የምልከታ ማዕከል

የጽሑፉ ጭብጥ

ኢትዮጵያ ትልቅ የምርምር ቴሌስኮፕ ሊኖራት ይገባል የሚለውን ሐሳብ እንደግፋለን። ተሠርቶ ያለቀ ቴሌስኮፕ ከውጭ አስመጥቶ ተራራ ላይ መትከልን ግን እንቃወማለን። እኛ ባለንበት ደረጃ ለሚገኝ አገር የቴሌስኮፕ ቀዳሚ ትርፍ በግንባታውና በገጠማው ዓመታት የሚፈራው ሙያ ነው። ይህ ሙያ በውሉ ውስጥ ካልተጻፈ በውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ገንዘባችንንም ስማችንንም ለፕሮጀክቱ መስጠት የለብንም። (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት የተሳሳቱ አቋሞች

በእንጦጦ፣ ከባሕር ወለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ እያንዳንዳቸው ባለ 1 ሜትር መስተዋት የሆኑ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጥረት ፍሬ ናቸውና መሥራቾቹ ክብር ይገባቸዋል። ይሁን እንጂ እንጦጦ የአዲስ አበባ ራስጌ ነው። የከተማዋ መብራት በሰፋ ቁጥር የሌሊቱ ሰማይ ይደበዝዛል፤ የክረምቱ ደመናም ምልከታን ለወራት ያውካል። በላሊበላ አካባቢ ባሉት ከፍተኛ ተራሮች ላይ ሌላ ማዕከል የመገንባት ሐሳብ ለዓመታት ሲነሳ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ሥፍራው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኝ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ አብዛኛውን ክፍል ያሳያል።

ሐሳቡ በተነሳ ቁጥር ሁለት ወገኖች ይፋጠጣሉ። አንደኛው «ዳቦ ላልጠገበ ሕዝብ ከዋክብት ምን ያደርጉለታል?» ይላል። ሁለተኛው «ላሊበላን ከአለት የፈለፈለ ሕዝብ ልጆች ነን» ብሎ ይፎክርና ዋጋው ሳይመረመር ግዢው እንዲፈጸም ይወተውታል። ሁለቱም ቴሌስኮፕን እንደ ዕቃ ያዩታል፤ ለአንዱ ቅንጦት ነው፣ ለሌላው ጌጥ።

የመጀመሪያው ጥያቄ በፌዝ የሚታለፍ አይደለም። ጦርነት ባለፈበት ምድር፣ የውጭ ምንዛሪ ለመድኃኒት በሚያጥርበት አገር፣ ለጌጥ የሚወጣ ገንዘብ የለም። ስለዚህ ክርክሩ መዞር ያለበት ገንዘቡ ለማን፣ ለየትኛው ሥራ ይከፈላል በሚለው ላይ ነው። ለዚህ ደግሞ በአህጉራችን በቂ ምሳሌ አለ።

ሳልት እንዴት ተሠራ?

የደቡባዊ አፍሪካ ትልቅ ቴሌስኮፕ፣ በአጭር ስሙ ሳልት፣ ከኬፕታውን 370 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ሰዘርላንድ ይገኛል። ግንባታው በ2000 ተጀመረ፤ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ ኅዳር 10 ቀን 2005 መረቁት። ዋና መስተዋቱ 11 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ይህን የሚያህል አንድ ወጥ መስተዋት መሥራት ስለማይሞከር ባለ ስድስት ጎን የሆኑ 91 መስተዋቶች ጎን ለጎን ተደርድረው አንድ ገጽ ፈጠሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው።

ንድፉ ቴክሳስ ካለው የሆቢ–ኤበርሊ ቴሌስኮፕ የተወሰደ ሲሆን ዋና ዓላማው ወጪን መቀነስ ነበር። መስተዋቱ በአንድ የተወሰነ ዘዌ እንዳዘነበለ ይኖራል፤ ዙሪያውን ይዞራል እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች አይንቀሳቀስም። በምልከታ ጊዜ መስተዋቱ ጸንቶ ይቆማል፤ ኮከቡን እየተከተለ የሚንቀሳቀሰው ከበላዩ የተሰቀለው መሣሪያ ነው። የመስተዋቱ ገጽ ከሉል የተቆረሰ ቅርጽ ስላለው 91ዱም ቁራጮች ተመሳሳይ ናቸው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ ይችላል። ይህ ቅርጽ የሚያስከትለውን የምስል ብዥታ የሚያርመው ባለ አራት መስተዋት አራሚ ክፍል ነው።

ደቡብ አፍሪካ ሁሉን ነገር ራሷ ልሥራ አላለችም። የመስተዋቶቹ ብርጭቆ ከሩሲያ መጣ፤ ተሞርዶ የተወለወለው በአሜሪካ ነበር። ሕንጻው፣ ግዙፉ የብረት አካልና ገጠማው ግን የአገሬውን ባለሙያ ያሳተፈ ሥራ ሆነ። መስተዋቶቹን በየጊዜው እያወረዱ በአሉሚኒየም መልሶ መሸፈንም እዚያው ሰዘርላንድ ላይ የሚከናወን የዘወትር ሥራ ነው።

የተሠራው ሲታወክ

የክርክራችን ማዕከል ከምረቃው በኋላ የሆነው ነገር ነው። በ2006 የሳልት ምስሎች በሚጠበቀው ልክ ጥርት ያሉ እንዳልሆኑ ታወቀ። ረጅም ምርመራ ከተደረገ በኋላ ችግሩ አራሚው ክፍል ከቴሌስኮፑ ጋር በተያያዘበት መገጣጠሚያ ላይ እንደሆነ ተደረሰበት። ክፍሉ በ2009 ወርዶ ተፈታ፣ ተስተካከለ፤ በ2010 ወደ ቦታው ተመለሰ። በ2011 ሳልት ወደ ሙሉ ሥራው ገባ።

ይህን ታሪክ እንደ ውድቀት የሚጠቅሱ አሉ። እኛ እንደ ማስረጃ እንጠቅሰዋለን። ያን ክፍል ለመፍታት የደፈሩት ሲገጠም እጃቸው የነበረበት ሰዎች ናቸው። ተመሳሳይ ችግር ተገዝቶ በመጣ መሣሪያ ላይ ቢደርስ ኖሮ ደብዳቤ ወደ ሻጩ ይላካል፣ የጥገና ዋጋ በዶላር ይጠየቃል፣ ጉልላቱም ተቆልፎ ይጠብቃል። የሰው ወርቅ አያደምቅም።

ከዚያ በኋላ ደቡብ አፍሪካ እያንዳንዳቸው 13.5 ሜትር ስፋት ያላቸው 64 የሬዲዮ ዲሾችን የያዘውን ሚርካት ሠርታ በ2018 አስመረቀች። ሚርካት ደግሞ ስኩዌር ኪሎሜትር አሬይ የተባለው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ቴሌስኮፕ አካል እንዲሆን ታቅዷል። በዚህ ፕሮጀክት አፍሪካዊ ክፍል ቦትስዋና፣ ጋና፣ ኬንያ፣ ማዳጋስካር፣ ሞሪሸስ፣ ሞዛምቢክ፣ ናሚቢያና ዛምቢያ በአጋርነት ተመዝግበዋል። ኢትዮጵያ በዝርዝሩ የለችም።

በትንሽ ወጪ ስለመጀመር

ጋና በአክራ አቅራቢያ በኩንቱንሴ የነበራትን ባለ 32 ሜትር አሮጌ የቴሌኮሙኒኬሽን ዲሽ ከደቡብ አፍሪካ ባለሙያዎች ጋር ወደ ሬዲዮ ቴሌስኮፕነት ለውጣ በ2017 ሥራ አስጀምራለች። በዚህ መንገድ የጋና ወጣቶች የዲሹን ማዞሪያ ሲጠግኑ፣ መቀበያውን ሲተክሉና መቆጣጠሪያውን ሲያስተካክሉ ሙያውን ተማሩ። እኛም በሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ አለን። በዚያ ያሉት አሮጌ ዲሾች ለዚህ አገልግሎት ይበቁ እንደሆነ ይመርመር ብሎ መጠየቅ ከባድ ጥያቄ አይደለም።

ሥፍራው ባዶ ተራራ አይደለም

በሃዋይ፣ በማውና ኬያ ተራራ ላይ ሊሠራ የታቀደው ባለ 30 ሜትር ቴሌስኮፕ 492 መስተዋቶች እንዲኖሩት ተነድፏል። ተራራውን እንደ ቅዱስ ስፍራ የሚያዩት የሃዋይ ተወላጆች በ2015ም በ2019ም መንገዱን ዘግተው ግንባታውን አስቆሙ፤ የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም የሕግ ሥርዓቱን አልጠበቀም ብሎ ፈቃዱን በ2015 ሽሮታል። የላሊበላ ተራሮችም ገዳማት፣ የግጦሽ መሬትና ባለርስት አላቸው። ቀሳውስቱና ገበሬዎቹ ስለ ፕሮጀክቱ የሚሰሙት ቡልዶዘሩ ሲመጣ ከሆነ ሃዋይ ላይ የሆነው እዚያም ይሆናል፤ መሆኑም ፍትሐዊ ነው።

የምንጠይቀው

1. መለኪያ ይቅደም። በታጩት ተራሮች ላይ የደመና፣ የእርጥበት፣ የነፋስና የአየር እርጋታ ልኬት ቢያንስ ለሁለት ሙሉ ዓመታት ተወስዶ ለሕዝብ ይፋ ይሁን።

2. ገጠማው በአገር ውስጥ ይሁን። ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ከንድፉ ጀምሮ ይሳተፉ፤ ሥዕሎቹ፣ የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌሩና የጥገና ሰነዶቹ በውል ይረከቡ።

3. ጨለማው በሕግ ይጠበቅ። ደቡብ አፍሪካ በ2007 የሥነ ፈለክ ሥፍራዎቿን የሚጠብቅ ሕግ አውጥታለች። እኛም ሕጉን ከመሠረት ድንጋዩ እናስቀድም።

4. የዓመታዊ ሥራ ማስኬጃ በጀት ከግንባታው ወጪ ጋር አብሮ ይጽደቅ። ሪባን የሚቆረጥበት ገንዘብ ተገኝቶ የመስተዋት ማደሻ የሚጠፋበት ማዕከል አንፈልግም።

5. የአካባቢው ነዋሪ በውሳኔው ይግባበት። መሬቱ፣ ውኃውና መንገዱ የሚነካበት ሰው ካሣ ብቻ ሳይሆን ድምፅም ይኑረው።

ከዳያስፖራው የምንጠብቀውም አለ። የሳልት ሽርክና እንደ ራትገርስ፣ ዊስኮንሲን–ማዲሰንና ዳርትመዝ ያሉ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችንና የጀርመኑን ጎቲንገን አቅፎ የተመሠረተ ነው፤ ገንዘብና መሣሪያ አዋጥተው የምልከታ ጊዜ አገኙ። በእንዲህ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምሩ፣ የሚማሩና በቤተ ሙከራዎቻቸው የሚሠሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ተቋማቸው ከኢትዮጵያ ጋር እንዲሻረክ ማግባባት፣ የእረፍት ዓመትን አገር ቤት ገብቶ በማስተማር ማሳለፍ፣ የውል ረቂቅን በባለሙያ ዓይን መመርመር ከአንድ ጊዜ መዋጮ የበለጠ ዋጋ አለው።

በሚቀጥለው የገንዘብ ማሰባሰቢያ መድረክ ስለዚህ ፕሮጀክት ስትሰሙ የመስተዋቱን ስፋት ከመጠየቃችሁ በፊት መስተዋቱን የሚገጥመው ማን እንደሆነ ጠይቁ። መልሱ በውሉ ላይ ተጽፎ እስኪታይ ድረስ ቼኩን አትፈርሙ።