ፎርማት ከመደረጉ በፊት መዝገቡ ይገልበጥ



እንደሚታወቀው በጽሕፈት ቤታችን ያለው ኮምፒዩተር ዕድሜው ገፍቷል። የሚሠራው ዊንዶውስ 7 በሚባለው የቆየ ሥርዐት ሲሆን፣ የአባላት መዝገብና የመዋጮው ሂሳብ ያለው በእሱ ውስጥ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ አንዳንዴ ቀኑን ያሳስታል፤ አንዳንዴም የስሕተት መልእክት አውጥቶ ፕሮግራሙ አልከፈትም ይላል። በዚህም ምክንያት «ፎርማት አድርጉትና እንገላገል» የሚሉ አባላት በርክተዋል። «ጣሉትና አዲስ ግዙ» የሚሉም አሉ። እኛ ደግሞ የምንለው አለን። ፎርማት ማድረግ ማጥፋት እንጂ መጠገን አይደለም። ስለዚህ መዝገቡ ሳይገለበጥ ማንም እጁን እንዳያስገባበት እንላለን።

ለምን ቢባል፣ ጉዳዩ የቆርቆሮና የሽቦ ጉዳይ አይደለም። ማን ከመቼ ጀምሮ እንደከፈለ፣ ማን የስንት ወር ውዝፍ እንዳለበት፣ ሐዘን ሲደርስ ለየትኛው ቤተሰብ ምን እንደሚሰጥ የሚያሳየው መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው። አንድ አባት ሃያ ዓመት ሙሉ ሳያቋርጥ ከፍሎ ቢሞት ባለቤቱ ድንኳኑንና ገንዘቡን የምታገኘው በዚያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ከጠፋ ግን ያቺ እናት በሐዘኗ ላይ ደረሰኝ ፍለጋ ቁም ሣጥን ልትበረብር ነው። ኧረ ይህስ ነውር ነው! ለቀስተኛ ፊት «አባል ነበሩ ወይስ አልነበሩም» እየተባለ ክርክር እንዲነሣ የሚፈልግ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም።

ታዲያ ስሕተት ሲመጣ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ይነበብ። ብዙ ሰው በስክሪኑ ላይ የእንግሊዝኛ መልእክት ብቅ ሲል ሳያየው «ኦኬ» የሚለውን ይጫንና ያባርረዋል። መልእክቱ እኮ በሽታውን የሚናገር ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አሞኛል» ብቻ ቢሉ ምን ዋጋ አለው? የቱ ጋ፣ ከመቼ ወዲህ መባል አለበት። እንደዚሁም መልእክቱን ከነቁጥሩ በወረቀት መገልበጥ ወይም በስልክ ፎቶ ማንሣት ነው። ከዚያ በፊት መብራት ሄዶ እንደሆነ፣ ፍላሽ ተሰክቶ እንደሆነ፣ አዲስ ፕሮግራም ተጭኖ እንደሆነም አብሮ ይጻፍ። ይህ ከተያዘ የሚጠግነው ልጅ በግምት አይሠራም።

እስቲ በአሮጌ ኮምፒዩተሮች ላይ የሚዘወተሩትን ሦስቱን እንይ።

1ኛ/ የቀን መሳሳት ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሳንቲም ቅርጽ ያላት ትንሽ ባትሪ አለች። ብዙ ጊዜ የምትገኘው ሲ.አር. 2032 የምትባለው ባለ 3 ቮልቷ ናት። ሥራዋ መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን መጠበቅ ነው። እሷ ስትደክም ኮምፒዩተሩ በተነሣ ቁጥር ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል። ያን ጊዜ የዛሬው መዋጮ በድሮ ቀን ይመዘገባል፤ ኢንተርኔት ሲከፈትም ስለ ደኅንነት ምስክር ወረቀት የሚያወራ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። መድኃኒቱ ባትሪዋን ለውጦ ቀኑን ማስተካከል ብቻ ነው። አንድ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግ የደከመች ባትሪ አትድንም።

2ኛ/ «ዲ.ኤል.ኤል. የሚባል ፋይል የለም» የሚለው ነው። ይህ ፋይል ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚጠቀሙበት ዕቃ ነው፤ እንደ እድር ድስት በሉት። ድስቱ ከቦታው ከታጣ የማንም ድግስ አይበስልም። ለምሳሌ ኤም.ኤስ.ቪ.ሲ.አር. 100 የተባለው ጠፋ ካለ፣ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ 2010 የሚባለው የማይክሮሶፍት ጥቅል ጎድሏል ማለት ነው። ጥቅሉን ከባለቤቱ አምጥቶ እንደገና መጫን ነው። ፋይሉን ብቻውን ከማይታወቅ ቦታ ማውረድ ግን ቫይረስን በገዛ እጅ ወደ ቤት ማስገባት ነው።

3ኛ/ የፊደል መዘባረቅ ነው። የአባሎቻችን ስም የተጻፈው በድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው። በዚያን ጊዜ በኮምፒዩተር ፊደል ገበታ ላይ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ሲሆን እሱም በላቲን ፊደልና በምልክቶች የተያዘ ነበር። የእኛ ፊደል 33 በ7 ሲባዛ ብቻውን 231 ነው፤ ዲቃሎቹና ቁጥሮቹ ሲጨመሩ ይበልጣል። ስለዚህ ፕሮግራም ሠሪዎቹ የእኛን ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ እያንዳንዱም በየራሱ አቀማመጥ። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ የራሱን ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እንግዲህ የድሮውን መዝገብ በአዲስ ኮምፒዩተር ስንከፍተው «ከበደ» የነበረው የላቲን ፊደል ጥርቅም ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ያጠፋዋል። አልተበላሸም! የጎደለው የፊደሉ ቅርጽ ያለበት ፋይል ነው። እሱ ሲጫን ስሙ ይመለሳል፤ ከዚያም ወደ ዩኒኮድ መቀየር ይቻላል። ከተቀየረ በኋላ ግን ስም በስም ይታረም፤ አንዲት ፊደል ተዛብታ ታደሰ ታደለ ቢሆን ሁለት የተለያዩ አባሎች ናቸውና።

«አዲስ ይገዛ» ለሚሉት መልሳችን ይኸው ነው። ይገዛ፤ አንቃወምም። ነገር ግን አዲሱ ብቻውን አያድነንም። በጣም የቆዩት ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞች በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠሩም። ሌሎቹን ደግሞ የፕሮግራሙን ምልክት በማውሱ ቀኝ ተጭኖ፣ ፕሮፐርቲስ ገብቶ፣ ኮምፓቲቢሊቲ በሚለው ሥር የድሮውን ዊንዶውስ በመምረጥ ማስነሣት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ይህ ሁሉ ሳይሞከርና አዲሱ መዝገቡን አንብቦ ሳያሳይ አሮጌውን መጣል አይገባም።

እርግጥ ነው፣ አሮጌውን እንዳለ ማስቀመጥም አደጋ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 14 ቀን 2020 አቁሟል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች የሰውን ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ፣ በብዛት የተጠቁት ማስተካከያው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ያልተጫነላቸው ኮምፒዩተሮች ነበሩ። ስለሆነም የእኛው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ይነቀል፤ ያገኘነው ፍላሽ ሁሉም አይሰካበት። ዊንዶውስ 10 እንኳ መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። የዛሬው አዲስ የነገ አሮጌ ነው። የማኅበሩ መዝገብ በአንድ ሣጥን ዕድሜ ላይ መንጠልጠል የለበትም የምንለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ የሚከተለው እንዲወሰን እናሳስባለን።

1ኛ/ ከማንኛውም ጥገና በፊት መዝገቡ፣ የድሮው የፊደል ፋይልና የፕሮግራሙ መጫኛ በሁለት ቦታ ይገልበጥ። አንዱ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በገንዘብ ያዡ እጅ ይቀመጥ። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ ሳይታይ ተገለበጠ አይባል።

2ኛ/ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ አልነሣም ቢል ሃርድ ዲስኩ ወጥቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይገልበጥ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ወዲያው ይጥፋ፤ ደጋግሞ ማስነሣት ጉዳቱን ያብሰዋል።

3ኛ/ መዝገቡ በየሦስት ወሩ በወረቀት ታትሞ በኮሚቴው ይፈረምበት። ወረቀት መብራት አይጠይቅም።

4ኛ/ ኮምፒዩተር የሚያውቁ ሁለት የሰፈራችን ወጣቶች ይመረጡ። ብቻቸውን አይሥሩ፤ ከኮሚቴው አንድ ሰው አብሮ ይቀመጥ። የተደረገው ሁሉ በደብተር ይጻፍ።

5ኛ/ እያንዳንዱ አባል የታተመው መዝገብ ሲወጣ መጥቶ ስሙንና ክፍያውን ይይ። «ጸሐፊው ያውቃል» ብሎ ቤት መቀመጥ አያዋጣም። ጸሐፊ ይለወጣል፤ መዝገብ ግን ይቀራል።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ። ዛሬ የምትገዛ አንዲት ባትሪና የአንድ ቀን ግልበጣ ነገ ከሚመጣው ጭቅጭቅ እንደሚያድኑን እናምናለን። ተቃውሞ ያለው ወገን ካለ ደግሞ በስብሰባው ተገኝቶ ያስረዳን፤ እንሰማለን። እስከዚያው ግን ያንን «ፎርማት» የሚሉትን ነገር ማንም እንዳይነካ አደራ እንላለን።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት